ሽንት ሲፈስ ባክቴሪያው ለምን አብሮ አይፈስም?

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ አንዲት ታካሚዬ ናት። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገርም ቀይሬያለሁ።

ጀሞ አካባቢ አንድ የልብስ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። ገና እንደተቀመጠች ቦርሳዋን ከፈተችና ባዶ የክኒን እሽጎች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችልኝ።

"ዶክተር፣ በአራት ወር ውስጥ ሦስተኛዬ ነው። ስሸና ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ ስሄድ ደግሞ ጠብ የሚል ነገር የለም። መድኃኒት ስጀምር በሁለት ቀን ይተወኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ብርድ ነው ይሉኛል። እኔ ብርድ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።"

ብርድ እንዳልሆነ ነገርኳት። ባክቴሪያ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ሽንት እኮ ቀኑን ሙሉ ይፈሳል። ታዲያ ባክቴሪያው ለምን አብሮ አይታጠብም?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ውጭ ብዙ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ያን ቀን አጭሩን መልስ ሰጥቻት አለፍኩ። ረጅሙን ለእናንተም ለእሷም ዛሬ ልጻፈው።

ባክቴሪያው ፀጉር አለው

ከአራት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኖች ሦስቱን ያህል የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቴዎዶር ኤሸሪሽ የተባለ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ሰገራ ለይቶ አገኘው፤ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። በሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያደርገን ጎረቤት ነው። ችግሩ ከሰፈሩ ሲወጣ ነው።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ 500 ኢ. ኮላይ አንዱ ከአንዱ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በዚህ ሚጢጢ ገላ ላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀጉር መሰል ነገሮች ሊበቅሉ ይችላሉ። የእናንተ የራስ ፀጉር ከእነዚህ አንዱን 10,000 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ክሊኒካችን ባለው ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋሉ። ፊምብሪያ ወይም ፒላይ ይባላሉ። ፊምብሪያ በላቲን የልብስ ዘርፍ ማለት ነው፣ ነጠላ ጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠለው ክር። ፒላይ ደግሞ በቀጥታ ፀጉሮች ማለት ነው። (ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጅራት ሌላ ነው፤ እሱ ፍላጀላ ይባላል። ተማሪዎች ፈተና ላይ ያምታቷቸዋል፤ እኔም አምታትቼ አውቃለሁ።)

የእነዚህ ፀጉሮች ሥራ መያዝ ነው። ገጠር ሄዳችሁ ሣር ውስጥ ካለፋችሁ በኋላ ሱሪያችሁ ላይ የሚለጠፈውን ጭጎጎት ታውቁታላችሁ አይደል? ብታራግፉት አይወርድም፣ አንድ በአንድ መልቀም ነው። ጭጎጎት ጨርቁን የሚይዘው በመንጠቆዎቹ ነው። ኢ. ኮላይም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ፀጉር ያገኘውን ሁሉ አይዝም። ጫፉ ላይ ፊም-ኤች የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ማኖስ የተባለ የስኳር ዓይነት ይፈልጋል። የሽንት ፊኛችን ውስጠኛ ግድግዳ ህዋሳት ደግሞ ላያቸው ላይ ማኖስ ያለባቸው ፕሮቲኖች አሏቸው። ሲገናኙ ቁልፍና ቀዳዳው ተገናኙ ማለት ነው።

ሲጎትቱት የሚጠብቅ ሸምቀቆ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። እሺ ያዘ እንበል፤ የሽንት ፍሰት ለምን ነቅሎ አይወስደው?

እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነገር አለ፤ መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ኢ. ኮላይን ማኖስ ባለበት ገጽ ላይ አድርገው ፈሳሽ አፈሰሱበት። ፍሰቱ ቀስ ሲል ባክቴሪያው ልል ብሎ ይንሸራተታል። ፍሰቱ ሲበረታ፣ እኛ ተጠርጎ ይሄዳል ስንል፣ ጭራሽ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ፊም-ኤች ሲጎተት ቅርጹን ይቀይርና ስኳሩን ይበልጥ ያጠብቃል። ሸምቀቆ ማለት ነው፤ በጎተታችሁት ቁጥር ይጠብቃል።

በዚያ ላይ የፀጉሩ ዘንግ እንደ ድሮው የቤት ስልክ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ሽንት ሲገፋው ይፈታታና ይረዝማል፣ ግፊቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይጠቀለላል። ጫፉ ላይ ያለው መያዣ ጉተናውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሸከምም። በአጭሩ ይህ ባክቴሪያ ለሚፈስ ቦታ የተሠራ ነው።

ከያዘ በኋላስ? የፊኛው ህዋስ ራሱ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እዚያ ተደብቆ ይራባል። ይህ በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች በደንብ የታየ ነው፤ ኢንፌክሽን ባለባቸው ሴቶች ሽንት ውስጥም ባክቴሪያ የታጨቀባቸው ህዋሳት ተገኝተዋል። ህዋስ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሽንት አያጥበውም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም በቀላሉ አይደርሱበትም። "ተወኝ፣ ከዚያ ተመለሰብኝ" የሚለው ነገር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሁሌ ግን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከአንጀት በአዲስ መልክ የመጣ ነው። የሴት ልጅ ሽንት የሚወጣበት ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የወንድ 20 ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው፣ መነሻውም ቅርብ። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል የሚባለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ እህቶቼ፣ ይህ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

ታዲያ ውሃ መጠጣት ምን ይጠቅማል?

"የያዘውን ሽንት የማይነቅለው ከሆነ፣ ሐኪሞች ውሃ ጠጡ የምትሉን ለምንድነው?" ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ኩላሊታችን ዩሮሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። በጤናማ ሰው ሽንት ውስጥ ከሁሉም በላይ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን እሱ ነው። ላዩ ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ማኖስ! የባክቴሪያው ፀጉር ግድግዳውን ያገኘ መስሎት ይህን ይይዛል። ማታለያ ነው። ይህን የያዘ ባክቴሪያ በሽንት አብሮ ይወጣል። እንግዲህ ውሃና ቶሎ መሽናት የሚጠቅሙት ያልያዘውንና የተታለለውን ለማውጣት ነው፤ አንዴ ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን ግን ውሃ ብቻውን አያድነውም። ሲያቃጥላችሁ "አምስት ሊትር ውሃ ጠጥቼ አባርረዋለሁ" ብሎ ሳምንት መቆየት ትክክል የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ለመከላከል ግን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በየጊዜው የሚመላለስባቸውንና ውሃ ብዙም የማይጠጡ 140 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ውሃ ጨምረው እንዲጠጡ ተደረገ። እነሱን በአማካይ በዓመት 1.7 ጊዜ ያዛቸው፤ ሌሎቹን 3.2 ጊዜ። (የጥናቱን ገንዘብ የሰጠው የታሸገ ውሃ የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ ይህንንም እወቁት። ውሃው የግድ የታሸገ መሆን የለበትም፣ ንጹሕ ይሁን እንጂ።)

"ምን ያህል ትጠጫለሽ?" አልኳት ልጅቷን። ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ሱቁ ያለበት ሕንፃ ሽንት ቤት ተቆልፎ ነው የሚውለው። ቁልፉ አሠሪዋ ጋ ነው። ስትጠይቅ ፊታቸው ስለሚቀየር፣ ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ ጠጥታ ወጥታ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ውሃ አትቀምስም።

ላስተምራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ኢንተርን እያለሁ እኔም በ36 ሰዓት ተረኛነት ውስጥ ሽንቴን ይዤ ውዬ አድሬ፣ ታክሜ አውቃለሁ። የታክሲ ረዳቶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የጉሊት ነጋዴ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ስንቱ ነው በዚህ ከተማ ሽንት ቤት ስለሌለ ውሃ የማይጠጣው? ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ያልተሸና ሽንት ለእሱ ሰፊ ጊዜ ነው።

ስለ ማኖስ ዱቄት

"ዶክተር፣ አሜሪካ ያለች እህቴ ዲ-ማኖስ ላከችልኝ፣ ልውሰደው?" የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ሽንት ውስጥ ስኳሩ ከተትረፈረፈ ፀጉሮቹ እሱን ይይዙና ግድግዳውን ይተዋሉ። እኔም ተስፋ አድርጌበት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር ወደ 600 በሚጠጉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በየቀኑ ዲ-ማኖስ የወሰዱትና የማስመሰያ ዱቄት የወሰዱት ብዙም ልዩነት እንደሌላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ገንዘባችሁን አስቡበት። ክራንቤሪ የሚባለው ፍሬ ለአንዳንድ ሴቶች መመላለሱን እንደሚቀንስ መረጃ አለ፤ የያዘን ኢንፌክሽን ግን አያክምም። ፀጉሩን የሚሸፍኑ መድኃኒቶችና ክትባቶች እየተሞከሩ ነው።

ፀጉር ያለው ኢ. ኮላይ ብቻም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቃትን አተት ታስታውሱታላችሁ። አተትን ከሚያመጡት መካከል ዋነኛው የኮሌራ ባክቴሪያ አንጀት ላይ ተሰባስቦ የሚሰፍረው በፀጉሮቹ ነው፤ እነሱ ከሌሉት በሽታ ማምጣት ይሳነዋል። የጨብጥ ባክቴሪያ ደግሞ የፀጉሩን መልክ ይቀያይራል። ሰውነታችን አንዱን መልክ ሲለምድ እሱ ሌላ ለብሶ ይመጣል። አንድ ሰው ከጨብጥ ከዳነ በኋላ ደግሞ ሊይዘው የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እህቷ

ልጅቷ ልትወጣ ስትል እንደዋዛ አንድ ነገር ተናገረች። "ባለፈው ያዘዙልኝን ከእህቴ ጋር ነው የተካፈልነው፤ እሷም ያቃጥላት ነበር።" እህቷ አብራት ነው የምትኖረው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ነገ ይዘሻት ነዪ አልኳት። መጣች። ብርድ ልብስ ደርባለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳቷ 39 አልፏል። ሁለት ቀን ሆኗታል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሽቶላታል። በቀኝ ጎኗ ጀርባዋን በቀስታ መታ ሳደርጋት ከአልጋው ዘለለች። ኩላሊቷ ነበር።

ወደ ኩላሊት የሚወጡት ኢ. ኮላይዎች ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ፀጉር ይይዛሉ፤ ፒ-ፊምብሪያ ይባላል። ጫፉ የሚፈልገው ማኖስን አይደለም፣ ኩላሊት ህዋሳት ላይ በብዛት ያለ ሌላ ስኳር ነው። አንዱ ፀጉር ለታችኛው ፎቅ፣ ሌላው ለላይኛው። እርግዝና ደግሞ መንገዱን ያመቻችለታል። የእርግዝና ሆርሞን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ያላላዋል፣ ማህፀን ሲያድግም ይጫነዋል፣ በተለይ በቀኝ በኩል። ሽንት ይጠራቀማል። ነፍሰ ጡሮች ላይ ኢንፌክሽኑ ምንም ሳያቃጥል ተደብቆ ሊቆይና በኋላ ኩላሊት ላይ ሊወጣ፣ ያለጊዜው ምጥም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ላይ "የሽንት ምርመራ" ሲሏችሁ "ደህና ነኝ እኮ" ብላችሁ አትለፉት።

የተካፈሉት ሲፕሮ ነበር። በእርግዝና ጊዜ በመጀመሪያ ምርጫነት አይታዘዝም። መጠኑም ለሁለቱም ግማሽ ሆኖ ነው የቀረው፤ ማቃጠሉን አስታገሰ፣ ባክቴሪያውን አልጨረሰም። በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ላክናት። ተኝታ በደም ሥር መድኃኒት ወሰደች። አሁን እሷም ፅንሱም ደህና ናቸው።

ሌላኛው ፀጉር፦ የሚያቀባብለው

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ባክቴሪያዎች ከሚይዙባቸው ፀጉሮች በተጨማሪ አንድ ለየት ያለ፣ ረዘም ያለ ፀጉር ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ባክቴሪያ በዚህ ፀጉር ሌላውን ይይዝና ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ከዚያ የዘር መልእክቱን ቅጂ ያሻግርለታል። ባክቴሪያዎች እንዲህ እንደሚቀባበሉ ሌደርበርግና ቴተም የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች ለብዙ መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ እምቢ ሲሉ፣ ምስጢሩ ይኸው መቀባበል ሆኖ ተገኘ። ማለትም መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ "እንዴት እንደምታመልጥ ላሳይህ" ብሎ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ የእሱ ዝርያ ያልሆነ ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል።

አሁን አስቡት። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ስንገዛ፣ ለተቅማጥ ሲፕሮ ስንውጥ፣ አንጀታችን ውስጥ ያለው ሰላማዊ ኢ. ኮላይም መድኃኒቱን ያየዋል። የተረፈው ይማራል፣ የተማረው ያስተምራል። ከወራት በኋላ እሱው ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባ የምናዝለት ነገር አይነካውም። በአገራችን ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ከሽንት የሚገኘው ኢ. ኮላይ አምፒሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን በብዛት ሲቋቋም ታይቷል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ብዙዎቻችን ፓስተር የምንለው ጉለሌ ያለው ተቋም፣ ከተመረጡ ላብራቶሪዎች መረጃ እየሰበሰበ ይከታተለዋል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው፤ እንደሚሸጥ ግን እኔም እናንተም እናውቃለን።

እንግዲህ ሲያቃጥላችሁ

የሽንት ምርመራ አድርጉ። ዕቃው ውስጥ የምታደርጉት የመጀመሪያውን ትንሽ አፍስሳችሁ የመሃለኛውን ነው። ውጤቱ ላይ "ፐስ ሴል ብዙ ነው" ካለ ሰውነታችሁ እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ሲመላለስባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ስትሆኑ፣ ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ወንድ ከሆናችሁ ከልቸር እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ባክቴሪያውን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይነግሯችኋል። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ አይገኝም፣ ግን ዋጋ አለው። የታዘዘላችሁን በታዘዘው ቀን ልክ ጨርሱ፤ ለሰው አታካፍሉ። የውስጥ ብልትን በሳሙና አትታጠቡ፤ እዚያ ያሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይዘው የሚጠብቁ ናቸው፣ ሳሙና ያባርራቸዋል፤ ከውጭ ውሃ ይበቃል። ከግንኙነት በኋላ ሽኑ።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የጀርባ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ሽንት ላይ ደም ካያችሁ ግን ነገ አትበሉ። ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም፣ ምችም አይደለም።

የልጅቷ ከልቸር በሦስተኛው ቀን መጣ። ኢ. ኮላይ ነው። ሁለት ጊዜ የወሰደችውን መድኃኒት ይቋቋማል፤ ሌላ የሚገድለው ተገኝቶ ጀመረች። ስትጨርስ መጥታ "ዶክተር፣ ለአሠሪዬ የሚሰጥ ወረቀት ትጽፊልኛለሽ?" አለችኝ። የሕመም ፈቃድ መስሎኝ ስንት ቀን ብዬ ጠየቅኳት።

"የዕረፍት አይደለም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ አንድ ቅጂ ለእኔም እንዲሰጠኝ ነው።"

እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌ አላውቅም ነበር። ጻፍኩላት፣ ማኅተምም አስመታሁበት።